ከልብ ወለድ የተሠሩ ጨለማ የኮሪያ ድራማዎች፦ የቱን እንይ፣ የትኛውን ቦታስ እንጎብኝ?

የኮሪያ ድራማ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፍቅር ነው። ዝናብ፣ ጃንጥላ፣ ሀብታሙ ልጅና ድሃዋ ልጅ። ሌላ ወገን ግን አለ። ሬሳ የሚገኝበት፣ ውሸት በውሸት ላይ የሚከመርበት፣ አልቆም እንቅልፍ የሚነሳ ወገን። ከዚህ ወገን ጠንከር ያሉት ብዙ ጊዜ መነሻቸው ልብ ወለድ ነው። ይሄ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። ደራሲው ሰዎቹን አስቀድሞ አብስሏቸዋል፤ መጨረሻውም ገና ከመጀመሪያው ይታወቃል። ታሪኩ መሀል መንገድ ላይ መንገዱ አይጠፋበትም።

ችግሩ የትኛውን እንጀምር የሚለው ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ዝርዝሮች ኮከብ ይደረድሩና ያልፋሉ። "ልብ አንጠልጣይ ነው" ይላሉ። ሁሉም ልብ አንጠልጣይ ከሆነ ታዲያ በምን እንምረጥ?

እኔ በቦታ ምረጡ እላለሁ። እነዚህ ድራማዎች ውስጥ ቦታ ዝም ብሎ ከጀርባ የሚታይ ነገር አይደለም። ክፋቱ የሚኖርበት አድራሻ አለው፦ የሀብታም ግቢ፣ የዓሣ ገበያ፣ ረጅም ፎቅ፣ ቤተ መንግሥት። ተዋናዩን ብትወዱትም፣ ቦታው ካልሳባችሁ ሦስተኛው ክፍል ላይ ትተዉታላችሁ። ቦታው ከያዛችሁ ግን ስምንቱን ክፍል በሁለት ሌሊት ትጨርሳላችሁ። ኮሪያ የምትኖሩ ወይም የመሄድ ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ አላችሁ፦ የትኛውን ቦታ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል? ሁለቱን አብሬ ነው የማየው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግቢው፦ ላይስ ሂድን ኢን ማይ ጋርደን

በዚህ ልጀምር፤ ጨለማ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም በፊት የምመክረው ይሄንን ነው። በ2023 በኢኤንኤ ጣቢያ የታየ ነው። ስምንት ክፍል ብቻ ነው። መነሻው ኪም ጂን ዮንግ በ2018 ያወጣችው ልብ ወለድ ነው።

ጁራን ሁሉ የሞላላት የቤት እመቤት ናት። ባሏ ሐኪም ነው። አዲስ የገቡበት ቤት ሰፊ መስኮትና የተስተካከለ ሣር አለው። አንድ ቀን ከአበባው መደብ ውስጥ መጥፎ ሽታ ይመጣባታል። ባሏን ትጠይቀዋለች። ማዳበሪያ ነው ይላታል። እሷ ግን አልዋጥ አላት፤ ትቆፍራለች። አፈሩ ውስጥ የሰው እጅ ታያለች።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈራው ሬሳው አይደለም። የሚያስፈራው ባልየው ነው። አይጮህም፣ አይማታም። ረጋ ብሎ፣ በፍቅር ድምፅ፣ "ደክሞሽ ነው" ይላታል። ጁራን ከዚህ በፊት እህቷ ተገድላባት አእምሮዋ የተጎዳ ሴት ስለሆነች፣ ያየችውን ነገር ራሷ መጠራጠር ትጀምራለች። እንዲህ ዓይነቱን ባል በድራማ አይተን እናውቃለን። እዚህ ግን የተሠራበት ጥንቃቄ ይለያል። ካሜራው መስታወቱ ላይ፣ ንጹሑ ወለል ላይ፣ ባዶው ሳሎን ላይ ይቆያል። ቤቱ በጣም ንጹሕ ነው። ንጽሕናው ራሱ ያስጨንቃል።

በሌላ በኩል ሳንግ ኡን አለች። እርጉዝ ናት፤ ባሏ ይደበድባታል፤ የምትኖረው ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ነው። ይሄ ሰውዬ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ይሞታል። ሁለቱ ሴቶች የሚገናኙት በዚህ ሞት ነው። ሳንግ ኡንን የምትሠራው ሊም ጂ ዮን ናት፤ ዘ ግሎሪ በተባለው ድራማ ላይ ክፉዋን የሠራችው። እዚህ ደግሞ ሌላ ሰው ሆናለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ጃጃንግሚዮን የምትበላበት ትዕይንት አለ። ጃጃንግሚዮን በጥቁር የባቄላ ሶስ የሚለወስ ወፍራም ኑድል ነው፤ ኮሪያ ውስጥ ስልክ ተደውሎ ቤት ድረስ የሚመጣ ተራ ምግብ። ጭንቅላቷን ደፍታ፣ ጉንጯ እስኪሞላ፣ ማንንም ሳታይ ትጎርሳለች። እንባ የለም፣ ሙሾ የለም። ለዓመታት በፍርሃት ስትቆነጥር የኖረች ሴት መጀመሪያ ጊዜ ጠግባ ስትበላ ነው የምታዩት። ትዕይንቱ ኮሪያ ውስጥ መነጋገሪያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የአንድ ትዳር ታሪክ በሙሉ ይነገራል።

ለማን ይሆናል? ፍጥነት ለማይፈልግ፣ ዝምታ ለሚወድ ሰው። ገዳዩ ማነው እያለ ለሚቸኩል ግን ይከብዳል። የቤት ውስጥ ጥቃት በቅርብ የነካው ሰው ደግሞ አስቦበት ይጀምረው፤ አይምርም።

ቦታውስ? ታሪኩ የሚገኘው ፓንግዮ ነው። ፓንግዮ ከሴኡል በስተደቡብ ያለ አዲስ ከተማ ነው። የኮሪያ ትልልቅ የቴክኖሎጂና የጌም ኩባንያዎች እዚያ ተሰባስበዋል። ከሴኡሉ ጋንግናም ሰፈር በሺንቡንዳንግ መስመር ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። የግል መኖሪያ ቤቶቹ ሰፈር ጸጥ ያለ ነው፤ አጥሩ ዝቅተኛ፣ መስኮቱ ሰፊ። በመንገዱ ማለፍ ይቻላል። ግን ልብ በሉ፦ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። "የድራማው ቤት የቱ ነው" እያሉ በየበሩ መዞር ነውር ነው፤ ለእናንተም የሚጨምረው ነገር የለም። ለዚህ ድራማ ብላችሁ አውሮፕላን አትሳፈሩ።

ባሕሩ፦ ፓቺንኮ

ከሁሉም ሰፊው ይሄ ነው። ኮሪያዊት አሜሪካዊቷ ሚን ጂን ሊ በ2017 ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው መነሻው። አፕል ቲቪ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በ2022፣ ሁለተኛውን በ2024 አወጣ። እያንዳንዱ ስምንት ስምንት ክፍል ነው። ዋና አዘጋጇ ሱ ሂው ናት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ኮጎናዳና ጀስቲን ቾን ተካፍለው ዳይሬክት አድርገውታል። ዋናዋን ሴት ሱንጃን፣ አሮጊት ስትሆን፣ የምትሠራው ዩን ዩህ ጁንግ ናት፤ በ2021 ኦስካር ያሸነፈችው። ወጣቷን ሱንጃ ኪም ሚን ሃ፣ የምትወደውን ሰው ሃንሱን ደግሞ ሊ ሚን ሆ ይሠራሉ።

ሊ ሚን ሆን በፍቅር ድራማ ብቻ የምታውቁት ካላችሁ ተዘጋጁ። እዚህ ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሶ ዓሣ ገበያ መሀል የቆመ ነጋዴ ነው። ዙሪያው ጭቃና የዓሣ አንጀት፣ እሱ ላይ ግን ነጠብጣብ የለም። ሱንጃን የሚያያት እዚያ ነው። ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ናት። ሱንጃ ቡሳን ከተማ ጥግ ባለች ዮንግዶ በምትባል ደሴት ላይ አልጋ የሚያከራዩ ድሃ ቤተሰቦች ልጅ ናት። ትወደዋለች፣ ታረግዛለች፣ ከዚያ ኦሳካ ውስጥ ሚስት እንዳለው ይነግራታል። ሌላ ሰው አግብታ በመርከብ ወደ ጃፓን ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ያለው የስደት ታሪክ ነው፤ ጃፓን ተወልደው ጃፓን አድገው አሁንም እንግዳ የሚባሉ ሰዎች ታሪክ።

ይሄ "ጨለማ" ይባላል? እኔ እላለሁ። ሬሳ የሚቆጥር ድራማ አይደለም፤ ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ክፍል 7 ተመልከቱ። በሴፕቴምበር 1923 ቶኪዮንና ዮኮሃማን የመታው የካንቶ ርዕደ መሬት ነው። ከርዕደ መሬቱ በኋላ "ኮሪያውያን ጉድጓድ ውኃ መረዙ" የሚል ወሬ ተነዛ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ተጨፈጨፉ። ይሄ ክፍል መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ለሃንሱ ያለፈ ታሪክ ተብሎ የተጨመረ ነው። እንዲህ ያለ ጭማሪ ብዙ ጊዜ ታሪክ ያበላሻል። እዚህ ግን ሰውየውን እንድትረዱት ያደርጋል፤ ይቅር እንድትሉት ባይሆንም።

መጽሐፉና ድራማው የሚለያዩበት ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። መጽሐፉ ከ1910 ተነስቶ እስከ 1989 በቀጥታ ይሄዳል። ድራማው ግን የወጣቷን ሱንጃንና የ1989ን ታሪክ ያፈራርቃል። መጀመሪያ ግራ ያጋባ ይሆናል፤ ሁለት ክፍል ታገሡት። መፈራረቁ የሚሰጠውን ነገር ለማየት ሩዙን ተከታተሉ። ሱንጃ ልትሄድ ስትል እናቷ ነጭ ሩዝ ፍለጋ ትወጣለች። ያኔ ነጭ ሩዝ ለጃፓኖች እንጂ ለኮሪያዊ አይሸጥም። ነጋዴውን ለምና ጥቂት ታገኛለች። ከዚያ ካሜራው እጇ ላይ ይቀራል፦ ስታጥብ፣ ውኃውን ስታጠልል፣ ስትከድን። ማንም ምንም አይናገርም። በሌላኛው ዘመን ደግሞ አሮጊቷ ሱንጃ ቶኪዮ ውስጥ አንዲት ኮሪያዊት ቤት ገበታ ላይ ተቀምጣ አንድ ጉርሻ ትቀምሳለች። የአገሯ ሩዝ መሆኑን ወዲያው ታውቃለች። ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም ሆኖ ከአገር ቤት የተላከ በርበሬ የከፈተ ሰው ይሄን ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያልቅ ደግሞ እውነተኛ አሮጊቶች ይመጣሉ። በዚያ ዘመን ጃፓን የሄዱ ኮሪያውያን ናቸው፤ በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። አቋርጣችሁ አትውጡ፤ እስከ መጨረሻው ተመልከቱ።

ስለ ቀረጻው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ድራማው የተቀረጸው ኮሪያና ካናዳ ውስጥ ነው። የድሮው ገበያና የኦሳካው ሰፈር ለቀረጻ ተብለው የተገነቡ ናቸው። ስለዚህ ዮንግዶ ሄዳችሁ የሱንጃን ቤት አታገኙም። ግን ደሴቱ አለ፣ ባሕሩ አለ፣ ገበያውም አለ። ከሁሉም ድራማዎች ውስጥ ቦታው ለጎብኚ የሚከፍለው ይሄ ነው፤ ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

ፎቁ፦ አና

በ2022 ኩፓንግ ፕሌይ በተባለው የኮሪያ የኢንተርኔት ማሳያ ላይ የወጣ ነው። መነሻው ጆንግ ሃን አ የጻፈችው የ2017 ልብ ወለድ ነው። ዋናዋን ሱዚ ትሠራታለች፤ ለዚህ ሥራዋም ተሸልማለች።

ዩሚ ከትንሽ ከተማ የመጣች የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳይሳካላት ቀርቶ "ገባሁ" ብላ ትዋሻለች። አንዱ ውሸት ሌላውን ይጠራል። በኋላ አንዲት ሀብታም ሴት ጋ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከዚያም የሴትየዋን ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ ይዛ ትጠፋለች። አና የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆና ሥልጣን የሚያልም ሰው ታገባለች። እዚህ ደም አይፈስም ለማለት ይቻላል። ጨለማው ሌላ ነው፦ እያዩ መሸማቀቅ። ማስረጃዋ የተሰረቀባት ሀብታም ሴት በአጋጣሚ አና የምትኖርበት ሕንፃ ውስጥ ትገባለች። አና ሊፍት ውስጥ እንዳታገኛት ብላ ረጅም ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ ያንን ሁሉ ፎቅ በደረጃ ትወጣለች። ያ ደረጃ ውሸት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጨርስ ከየትኛውም ንግግር በላይ ያሳያል።

አንድ ጥንቃቄ። ሁለት ቅጂ አለው፦ ባለ 6 ክፍልና ባለ 8 ክፍል። የመጀመሪያው ሲወጣ ዳይሬክተሯ ያለ ፈቃዴ ተቆራርጦብኛል ብላ በይፋ ተቃወመች። ከዚያ የእሷ ባለ 8 ክፍል ቅጂ ወጣ። ባለ 8ቱን ፈልጉ። ሰዎቹ መተንፈሻ የሚያገኙት እዚያ ነው። ለጉብኝት ግን ከዚህ ድራማ የምታገኙት ነገር የለም። የሴኡል ረጅም አፓርታማ የትም አለ።

በአጭሩ የማልፋቸው

ሊትል ዊሜን የ2022 የቲቪኤን ድራማ ነው፤ 12 ክፍል። የሉዊዛ ሜይ አልኮትን የታወቀ ልብ ወለድ በጣም በሩቁ ነው የሚከተለው። ሦስት ድሃ እህትማማቾች አሉ፣ የጠፋ 70 ቢሊዮን ዎን አለ፣ ሰማያዊ ኦርኪድ አለ፣ ሬሳ አለ። ጸሐፊዋ ጆንግ ሶ ክዮንግ ናት፤ ከዳይሬክተሩ ፓርክ ቻን ዉክ ጋር ፊልሞች የጻፈችው። ለዓይን እጅግ የበለጸገ ድራማ ነው፤ የተቆለፉ ክፍሎችና የተሸሸጉ በሮች የሞሉበት። ሲንጋፖር ላይ የተቀረጹ ክፍሎችም አሉት። ታሪኩ ግን አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይጠላለፋል። የቬትናም ጦርነትን ያነሣበት መንገድም ተቃውሞ አስነስቶ በቬትናም ከኔትፍሊክስ ወርዷል። እያዩ መገመት ለሚወዱ ጥሩ ነው።

ዘ ትራንክ ኔትፍሊክስ ላይ በኖቬምበር 2024 የወጣ፣ ባለ 8 ክፍል ነው። ጎንግ ዩና ሶ ህዮን ጂን አሉበት። መነሻው የኪም ሪዮ ሪዮንግ ልብ ወለድ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሻንጣ ይገኛል፤ ሻንጣው በኮንትራት ሚስት የሚያቀርብ ድርጅት ላይ ይመራል። ቀዝቃዛ፣ ያማረ፣ የሚያሳዝን ነው። ቤቱ ከነትልቁ የጣሪያ መብራቱ አንድ ተጨማሪ ተዋናይ ነው። ከቤተሰብ ጋር ለማየት ግን አይሆንም፤ አልጋ ላይ የሚሆኑ ትዕይንቶች አሉት።

ኤ ሾፕ ፎር ኪለርስ የዲዝኒ ፕላስ ነው፤ በጃንዋሪ 2024 የጀመረ ባለ 8 ክፍል፣ ከካንግ ጂ ዮንግ ልብ ወለድ የተወሰደ። አጎቷ የሞተባት ልጅ በገጠር ቤት ውስጥ በገዳዮች ትከበባለች። ተኩስና ደም ለሚወድ ይሄ ነው። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ቀለል ይላል። ጭንቀቱ እንዳለቀ ይለቃችኋል።

ቤተ መንግሥቱ፦ ትሪ ዊዝ ዲፕ ሩትስ

ይሄ የቆየ ነው፤ በ2011 በኤስቢኤስ የታየ፣ 24 ክፍል። ሊ ጆንግ ምዮንግ በ2006 ያወጣው ልብ ወለድ ነው መነሻው። የቆየ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ከሁሉም በላይ አማርኛ አንባቢ ሊያየው ይገባል የምለው ይሄንን ነው።

ጊዜው 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ንጉሥ ሴጆንግ በምስጢር አዲስ ፊደል እየሠራ ነው፤ ዛሬ ሃንጉል የሚባለውን። ታሪክ የሚነግረን ፊደሉ በ1443 ተሠርቶ በ1446 በአዋጅ መውጣቱን ነው። በድራማው ውስጥ የንጉሡ ምሁራን አንድ በአንድ ይገደላሉ። ገዳዮቹ የሚፈሩት ሰይፍ አይደለም፤ ተራው ሰው ማንበብ ከቻለ መኳንንቱ ምን ይቀራቸዋል የሚለውን ነው። ፊደል እንደ ጦር መሣሪያ የሚፈራበት ድራማ ሌላ አላየሁም። የራሱ ፊደል ላለውና በፊደሉ ለሚኮራ ሰው ይሄ ታሪክ በቀጥታ ይናገራል።

ሃን ሶክ ክዩ የሚሠራው ሴጆንግ ሐውልት አይደለም። ይሳደባል፣ ይበሳጫል፣ ሌሊት አይተኛም። መጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ ወጣቱን ሴጆንግ ሶንግ ጁንግ ኪ ይሠራዋል። አባቱ ሰው እያረደ ዙፋኑን ሲያጸዳለት፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ በካሬ ላይ ቁጥር ይደረድራል፤ በየትኛውም አቅጣጫ ሲደመር እኩል የሚመጣ ሰንጠረዥ ለመሥራት። አባትየው ነገሩን በጉልበት ይፈታዋል፤ ልጁ በትዕግሥት። የድራማው ጠብ በሙሉ እዚያ ሰሌዳ ላይ ነው ያለው።

ጉድለቱ ርዝመቱ ነው። መሀል ላይ ይንዛዛል። ግን በአማርኛ ተተርጉመው የቀረቡ የቱርክ ድራማዎችን ለወራት ተከታትሎ ለጨረሰ ሰው 24 ክፍል ምንም አይደለም። ከቤተሰብ ጋር ተሰብስቦ ለማየትም ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው፤ ግድያ ቢኖርበትም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እንግዲህ እንሂድ ካላችሁ

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። ታሪኩ የሚሆንበት ቦታና ካሜራ የቆመበት ቦታ አንድ አይደሉም። የቤት ውስጥ ትዕይንቶች ብዙውን ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ ይገነባሉ፤ ቀረጻው ሲያልቅ ይፈርሳሉ። የታሪክ ድራማዎችም እውነተኛው ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደልባቸው አይቀርጹም፤ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ የቀረጻ መንደሮች አሉ። ስለዚህ "ትክክለኛው በር የቱ ነው" ከሚለው ይልቅ ታሪኩ የተወለደበትን ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ሴኡል ከሆናችሁ ምርጫው ቀላል ነው፦ ግዮንግቦክጉንግ። በ1395 የተሠራ ቤተ መንግሥት ነው፤ በ1592 ተቃጥሎ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደገና ተሠርቷል። የሴጆንግ ምሁራን ይሠሩበት የነበረው አዳራሽ ራሱ የለም፤ በቦታው የቆመው ሱጆንግጆን የሚባለው ነው። ብዙ ጎብኚ በኩሬው መሀል ያለውን ትልቅ ሕንፃ ፎቶ አንስቶ ሱጆንግጆንን ሳያየው ያልፋል። እናንተ እዚያ ቁሙ። መግቢያው 3,000 ዎን ነው፤ የኮሪያን የባህል ልብስ ተከራይቶ ለብሶ የመጣ በነጻ ይገባል። ማክሰኞ ዝግ ነው። ከፊት ለፊቱ ባለው አደባባይ የሴጆንግ ሐውልት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ስለ ፊደሉ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አለ።

የቀረጻ መንደር ማየት ለሚፈልግ ሙንግዮንግ ሴጄን እመክራለሁ። የኮሪያው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኬቢኤስ በ2000 ለአንድ የታሪክ ድራማ ያሠራው መንደር ነው፤ በኋላ በ2008 እንደገና ተሠርቶ የጆሶን ዘመን፣ ማለትም የእነ ሴጆንግ ዘመን፣ ቤተ መንግሥትና ሰፈር ሆኗል። ተራራ መሀል ነው፤ ለእግር ጉዞም ያምራል። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ከፓንግዮ ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ፓንግዮን ማየት የሚያምራችሁ ካላችሁ በዚሁ መንገድ አድርጉት፤ ጠዋት ሰፈሩን አይታችሁ ባቡሩን ያዙ።

ቡሳንና ሴኡል ውስጥ አንዱን ምረጡ ብትሉኝ ግን ቡሳንን ነው። ከሴኡል በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ከምናምን ነው። ከቡሳን ጣቢያ በሜትሮ መስመር 1 ሁለተኛው ጣቢያ ናምፖ ነው፤ እዚያ ውረዱ። በቅርብ ርቀት ላይ የጃጋልቺ ዓሣ ገበያ አለ። አሁንም ገበያውን የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጎማ ጓንትና ጎማ ቦት አድርገው፣ በቡሳን ዘዬ እየተጯጯሁ ዓሣ ይገፋሉ። ሱንጃ ከየት እንደወጣች እዚህ ይገባችኋል። ጎንበስ ብላችሁ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ከተቻለም ግዙ።

ከገበያው ወደ ዮንግዶ የሚያሻግረው ድልድይ በ1934 የተከፈተ ነው፤ መርከብ ለማሳለፍ መሀሉ ወደ ላይ ይነሣል። በ1966 መነሣቱን አቁሞ ነበር፤ በ2013 ተጠግኖ ተመለሰ። አሁን የሚነሣው በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። ሰዓቱ ሊቀያየር ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የተለያዩ ቤተሰቦች "ዮንግዶ ድልድይ እንገናኝ" ይባባሉ ነበር። ስለ ጦርነቱ ካነሣን፣ በ1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከመርከብ የወረደው እዚሁ ቡሳን ወደብ ነው።

ድልድዩን ተሻግራችሁ ደሴቱ ላይ ሂንዮውል የሚባል ሰፈር አለ። ገደል ላይ የተደረደሩ ነጫጭ ቤቶች፣ ጠባብ መንገድ፣ ከታች ባሕር። የጦርነት ስደተኞች የሠሩት ሰፈር ነው። ካፌ በዝቶበታል፤ ግን ሰው ይኖርበታል፣ ድምፅ ቀንሱ። ከዚያ ቁልቁል ስታዩ መርከቦች ተራ እየጠበቁ ቆመው ታያላችሁ። ሱንጃ የሄደችበት አቅጣጫ ያ ነው።

ለሦስት ቀን ብቻ የመጣችሁ ካላችሁ አንድ ቀን ግዮንግቦክጉንግ፣ አንድ ቀን ቡሳን፣ ሦስተኛውን ቀን ደግሞ ከድራማው ወጣ ብላችሁ ቹንቾን ሂዱ እላለሁ። ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ እዚያ ነው፤ ሐውልቱን በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተው መርቀውታል፤ ሙዚየሙ በ2007 ተከፍቷል። ከፊት ለፊቱ በዚያው በ1968 የተከፈተ የኢትዮጵያ ቡና ቤት አሁንም ይሠራል። ቅዳሜን ለቡሳን አስቀሩ፤ አለዚያ ድልድዩ ያመልጣችኋል።